ጀፎረው ላይ የሚግጥ፣ አጥር የሚጥስ፦ የአሜባና የባክቴሪያ ታሪክ

ከወልቂጤ ወጥቶ ወደ ቤተ ጉራጌ መንደሮች የዘለቀ ሰው ዓይኑ ከሁሉ በፊት የሚያርፈው ጀፎረው ላይ ነው። ጀፎረ ከመንደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ፣ ሣሩ ምንጣፍ የመሰለ ሰፊ የጋራ መንገድ ነው። ለቅሶውም ሠርጉም የመስቀል ጭፈራውም እዚያ ነው፤ ጥጃውም በጉም የሚግጠው እዚያው ነው። ከጀፎረው ግራና ቀኝ ጎጆዎቹ ተሰልፈዋል፤ ከጎጆዎቹ ጀርባ ደግሞ እንሰቱ በአጥር ተከብቦ ቆሟል። ከብት ጀፎረው ላይ ሲግጥ የሚቆጣው የለም። አጥር ጥሶ እንሰቱ ውስጥ የገባ ዕለት ግን የቤቱ ሰው ሁሉ ዱላ ይዞ ይነሣል፤ ለዓመታት የተለፋበት በአንድ ጀንበር ይወድማልና።

አንባቢ ይህን ሥዕል ይያዝልኝ። የምተርከው በዓይን የማትታይ የአንዲት ፍጥረት ታሪክ ሲሆን፣ ስሟን በወልቂጤም በቡታጅራም የማያውቅ ሰው የለም። አሜባ ትባላለች። ሆዱን የቆረጠው ሰው ክሊኒክ ይሄዳል፤ ሰገራውን በትንሽ ዕቃ ይሰጣል፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ጥቂት ይጠብቃል፤ ከዚያም «አሜባ ነው» ተብሎ መድኃኒቱን ይዞ ይወጣል። ጎረቤት ሲጠይቀውም «አሜባ ነው አሉኝ» ይላል፤ ጎረቤትም «እኔም ባለፈው ነበረብኝ» ብሎ ይመልሳል። ቃሉ እንደ ጉንፋን የቤት ቃል ሆኗል።

ነገር ግን አሜባ በተፈጥሮዋ ባክቴሪያ በላተኛ ናት። ባክቴሪያ ለእሷ የጀፎረ ሣር ነው። በሰው አንጀት ውስጥ ከሚኖሩት አሜባዎች አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ሣር ሲግጡ ኖረው ያልፋሉ። አጥር ጥሳ ሥጋችን ውስጥ የምትገባው ሌላ ናት። ችግሩ ሁለቱ በመልክ አንድ መሆናቸው ነው። የሰው ልጅ እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል፤ ከታሪኩ መጨረሻ ምዕራፎች አንዱም የተጻፈው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መልኳን የምትቀያይረው

ታሪኩ በ1755 ይጀምራል። በጀርመን ኑረምበርግ ከተማ አውጉስት ዮሃን ሮዘል ፎን ሮዘንሆፍ የሚባል ሠዓሊ ነበር። ነፍሳትን በማጉያ መነጽር እያየ ይሥል ነበር፤ አንድ ቀን በውሃ ጠብታ ውስጥ ቅርጽ የሌላት ፍጥረት አየ። አሁን ክብ፣ ቆይታ ረዘም ያለች፣ ከዚያ ደግሞ ባለ ብዙ ጣት ትሆናለች። መልኩን እንደ ልቡ በሚለዋውጠው የግሪኮች የባሕር አምላክ ስም «ትንሹ ፕሮቴዎስ» አላት። «አሜባ» የሚለው ስም ከዚያ በኋላ መጣ፤ እርሱም ከግሪክ የተወሰደና «መለወጥ» የሚል ትርጉም ያለው ነው።

አበላሏን በቅርብ ያየ ሰው አይረሳውም። አሜባ አፍ የላትም። ባክቴሪያ አጠገቧ ሲደርስ ከገላዋ እንደ ሊጥ የሚፈስ ነገር ትልካለች፤ ያ ፍሳሽ ባክቴሪያውን ከዚህም ከዚያም ይከበዋል፤ ሁለቱ ጫፎች ይገጥማሉ። ባክቴሪያው አሁን በአሜባዋ ሆድ ውስጥ፣ በትንሽ ከረጢት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከረጢቱ ውስጥ አሲድና ኢንዛይም ይፈስሳል፤ ባክቴሪያው ሟሙቶ ምግብ ይሆናል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች።

ሮዘንሆፍ ያያት አሜባ የኩሬ ነበረች። አሜባ ከሰው ሕመም ጋር ስሟ እስኪነሣ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። የጉራጌ ልጅ እንጀራ ፍለጋ አዲስ አበባ እንደሚወጣው ሁሉ፣ በሰሜን ሩሲያ ከአርካንግልስክ ወገን ሥራ ፍለጋ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ የወጣ አንድ ወጣት ገበሬ ነበር። በደም ተቅማጥ ታሞ ፌዶር ሎሽ የሚባል ሐኪም ዘንድ ቀረበ። ሎሽ ሰገራውን በማይክሮስኮፕ ሲያየው በአሜባ የተሞላ ሆኖ አገኘው። ገበሬው አልዳነም። ሎሽ አሜባዎቹን ለውሾች ሰጣቸው፤ አንዱ ውሻ አንጀቱ ቆሰለ። በ1875 ያየውን ሲጽፍ ግን ጥንቃቄ አደረገ፤ አሜባዋ ቁስሉን ታባብሳለች እንጂ የሕመሙ መነሻ እሷ ናት ለማለት አልደፈረም።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1882፣ ሌላው ሩሲያዊ ኢሊያ ሜችኒኮፍ በጣሊያን መሲና ባሕር ዳር ተቀምጦ የኮከብ ዓሣ እጭ እየተመለከተ ነበር። እጩ እንደ ብርጭቆ የሚያሳልፍ ገላ ስላለው ውስጡ ይታያል። ሜችኒኮፍ እሾህ ወጋበት። በማግስቱ እሾሁን የከበቡትን ሕዋሳት አየ፤ እንደ አሜባ ይንቀሳቀሳሉ፣ እንደ አሜባም ባዕዱን ነገር ለመዋጥ ይሽቀዳደማሉ። በእኛም ደም ውስጥ ያሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ባክቴሪያ የሚይዙት በዚሁ ስልት መሆኑን ሜችኒኮፍ አስረዳ። አሜባ በኩሬ የምትሠራውን ነጩ ሕዋስ በገላችን ውስጥ ይሠራዋል። ይህ መመሳሰል ኋላ በላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ ስንት ሰው እንደሚያሳስት ያኔ ያሰበ አልነበረም።

ሁለት ዓይነት የደም ተቅማጥ

በ1883 ሮበርት ኮህ ኮሌራን ለማጥናት ግብፅ በገባ ጊዜ በሟቾች የአንጀት ሥጋ ውስጥ አሜባዎች አየ። በ1886 በእስክንድርያ ይሠራ የነበረው ግሪካዊው ሐኪም ካርቱሊስ በመቶ በሚቆጠሩ የደም ተቅማጥ ሕሙማን ላይ አሜባ ማግኘቱን ጻፈ። ስለዚህ የዓባይ ግርጌ አገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ገና ከጥዋቱ ስሙ አለበት።

ግን በ1897 ጃፓን ውስጥ ከባድ የደም ተቅማጥ ወረርሽኝ ሲነሣ ኪዮሺ ሺጋ ሌላ ምክንያት አገኘ፤ ይህኛው ባክቴሪያ ነበር። ዛሬ በእርሱ ስም ሺጌላ ይባላል። እንግዲህ የደም ተቅማጥ ሁለት አባት አለው ማለት ነው። አንዱ አሜባ፣ ሌላው ባክቴሪያ። የሚድኑትም በተለያየ መድኃኒት ነው። አንዱን ሌላው ነው ብሎ የወሰነ ሐኪም በሽተኛውን ለእውነተኛው ጠላት ትቶታል።

በ1903 ጀርመናዊው ፍሪትስ ሻውዲን የአንጀት አሜባዎችን ሁለት ቦታ ከፈላቸው። ሰላማዊዋን ኤንታሚባ ኮላይ፣ አጥፊዋን ኤንታሚባ ሂስቶሊቲካ አላት፤ «ሥጋ አሟሚዋ» ማለት ነው። ሻውዲን ከሦስት ዓመት በኋላ በ34 ዓመቱ ያረፈው ራሷ አሜባዋ ባመጣችበት መግል ታሞ ነው።

ስሙ ተሰጠ፤ ጥያቄው ግን ተባባሰ። በ1913 በፊሊፒንስ ማኒላ እስር ቤት ዎከርና ሴላርድስ የተባሉ ሐኪሞች አንድ ሙከራ አደረጉ። ፈቃደኛ ነን ላሉ 20 እስረኞች የሂስቶሊቲካን ሲስት አበሏቸው። ሲስት አሜባዋ ራሷን በቅርፊት ጠቅልላ ከሰው ወደ ሰው የምትጓዝበት እንቁላል መሰል መልኳ ነው። ከ20ዎቹ 18ቱ ተያዙ። ከነዚህ የደም ተቅማጥ ያመጣባቸው ግን 4 ብቻ ነበሩ። እስረኛ ላይ የሚደረግ እንዲህ ያለ ሙከራ ዛሬ በማንም ዘንድ አይፈቀድም። ውጤቱ ግን ዓለምን ለረጅም ጊዜ ግራ አጋባ። አንዲት አሜባ ናት ካልን፣ ስለ ምን አንዱን ስታቆስል ሌላውን ትታ ትኖራለች?

ያልተሰማው ሰው

በዚህ መሐል የአፈር ሊቃውንት የአሜባን ሌላ ገጽ እያነበቡ ነበር። በእንግሊዝ ሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ኩትለር፣ ክረምፕና ሳንዶን ለ365 ቀናት ያለ አንድ ቀን ዕረፍት ከማሳው አፈር እየወሰዱ አሜባውንም ባክቴሪያውንም ቆጠሩ። በ1922 ያሳተሙት ውጤት ግልጽ ነበር። አሜባ በበዛችበት ቀን ባክቴሪያ ይቀንሳል፤ አሜባ ስትቀንስ ባክቴሪያ ያንሠራራል። ይህ የግጦሽ ሕግ ነው። ከብት የበዛበት ጀፎረ ሣሩ ያጥራል፤ ከብቱ ሲነሣለት ሣሩ ይመለሳል።

በ1925 ፈረንሳዊው ኤሚል ብሩምፕት የማኒላውን ጥያቄ ቁልፍ አገኘ። ሂስቶሊቲካ የምንላት አሜባ አንዲት አይደለችም፣ ሁለት ናት አለ። አንደኛዋ ሥጋ የምታሟሟው ሂስቶሊቲካ። ሁለተኛዋ በመልክ ፈጽሞ እሷን የምትመስል፣ ግን ማንንም የማታሳምም፤ እርሷን ኤንታሚባ ዲስፓር አላት፤ «የማትመሳሰለው» ማለት ነው። አብዛኛው አሜባ ያለበት ሰው የማይታመመው ዲስፓርን ተሸክሞ ስለሆነ ነው ሲል አስረዳ።

የሰማው የለም። ምክንያቱን መረዳት አይከብድም። ብሩምፕት ሁለት ናቸው ያላቸው አሜባዎች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ መጠናቸው አንድ፣ የሲስታቸው አራት ኒውክለስ አንድ፣ አካሄዳቸው አንድ ነው። ዓይን የማይለየውን ነገር ተለያይቷል ማለት ለብዙዎች የማይዋጥ ሆነ። ብሩምፕት ነገሩ እውነት መባሉን ሳያይ አለፈ፤ ቃሉ እስኪረጋገጥ ስድሳ ስምንት ዓመት ቆየ።

በዚያው በ1925 ቦክና ድርቦህላቭ አሜባን ከሰው ውጭ በጠርሙስ ውስጥ ማርባት ቻሉ። ግን አንድ ነገር አልሆነላቸውም፤ አሜባዋ ከባክቴሪያ ጋር እንጂ ብቻዋን አትኖርም። ባክቴሪያውን ከጠርሙሱ ያወጡባት ዕለት ትሞታለች። ሣሩ ያለቀበት ጀፎረ ላይ ከብት እንደማይቆም ነው። ባክቴሪያ ለአሜባዋ ቀለብ ብቻም አልነበረም፤ ኦክስጅንን እየተሻማ አካባቢውን ለእሷ የሚመች ያደርግላታል። ያለ ባክቴሪያ ለማኖር የተሳካለት በአሜሪካ ሉዊስ ዳይመንድ ነበር፤ ያውም በ1961፣ ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ።

መድኃኒቱና ማይክሮስኮፑ

በኢትዮጵያም የላቦራቶሪ ታሪክ እየተጀመረ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ፓስተር» መባሉ የዚያ ትዝታ ነው። ተቋሙ ኋላ ስሙንና ቅርጹን እየቀየረ የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆኗል። ማይክሮስኮፕ ከዋና ከተማው ወደ አውራጃዎቹ ጤና ጣቢያዎች ወረደ፤ የሰገራ ምርመራም የተለመደ ሥራ ሆነ።

በ1966 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ደርባን ፓውል የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ ሜትሮኒዳዞል የአሜባን የደም ተቅማጥና የጉበት መግል እንደሚያድን አሳዩ። ከዚያ በፊት የነበረው ኤሜቲን በመርፌ የሚሰጥና ልብን የሚጎዳ መድኃኒት ነበር። ሜትሮኒዳዞል በአፍ የሚዋጥ ሆኖ ርካሽም ስለነበር በዓለም ሁሉ ተሰራጨ። ምላስ ላይ የብረት ጣዕም የሚተወውን ያንን ክኒን በወልቂጤም በቡታጅራም ያልዋጠው ቤተሰብ ጥቂት ነው።

ስለ ክኒኑ ግን ብዙ ያልተነገረ ነገር አለ። ሜትሮኒዳዞል አሜባን ለይቶ አያውቅም። ኦክስጅን በሌለበት ከሚኖረው ሕዋስ አብዛኛውን ይገድላል፤ በአንጀታችን ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን የማይሹ፣ ምግባችንን የሚያግዙ፣ ክፉውን የሚከላከሉልን ባክቴሪያዎች ሞልተዋል። አንዲት አሜባን ለማባረር የተነሣው ክኒን ሣሩንም ያቃጥላል።

አንድ ጠብታ

እዚህ ላይ ወደ ማይክሮስኮፑ ጠጋ እንበል፤ የታሪኩ ቋጠሮ ያለው እዚያ ነው።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ከሰገራው በእንጨት ጫፍ ያህል ወስዳ መስታወቱ ላይ ካለው የጨው ውሃ ጠብታ ጋር ታዋህዳለች፤ በስስ መስታወት ትሸፍናለች፤ ታያለች። ሰገራው ትኩስ ከሆነ አሜባዋ በሕይወት አለች፤ ጣት የሚመስል ነገር ትዘረጋለች፣ ገላዋ ይከተላል። ቆይቶ የቀዘቀዘ ከሆነ ቆማለች፤ ቆማ ያለች አሜባን ደግሞ ከነጭ የደም ሕዋስ መለየት ለሠለጠነ ዓይንም ፈተና ነው። ሜችኒኮፍ መሲና ላይ ያየው መመሳሰል እዚህ መጥቶ ያሳስታል። በሺጌላ የታመመ ሰው ሰገራ በነጭ ሕዋስ የተሞላ ነው፤ ያንን አሜባ ብሎ መቁጠር ቀላል ስህተት ነው።

አሜባዋ እርግጥ አሜባ ከሆነችም ዋናው ጥያቄ ሆዷ ውስጥ ያለው ነው። የዋጠችው ባክቴሪያ ከሆነ ከሂስቶሊቲካም ከዲስፓርም አንዷ ልትሆን ትችላለች። ሰባት ማይክሮሜትር ገደማ የሚሆኑ ክብ ክብ ቀይ የደም ሕዋሳት ከዋጠች ግን አጥር ጥሳ ለመግባቷ ጠንካራ ምልክት ነው፤ ደም ጀፎረው ላይ አይገኝምና። በሥራ ብዛት በተጨናነቀ ጠረጴዛ ላይ፣ ሃምሳ ሰው ውጤቱን እየጠበቀ፣ ይህን ሁሉ በየስላይዱ መመልከት ቀላል አይደለም። ሲስት ብቻ ከታየ ደግሞ ማንም ቢሆን ማይክሮስኮፕ ይዞ ሁለቱን ሊለይ አይችልም። ጥፋቱ የባለሙያዋ ሳይሆን የመሣሪያው ወሰን ነው።

ወደ 1980ዎቹ

ብሩምፕትን የሚያስታውስ ሰው መገኘት የጀመረው በ1978 ነበር። ለንደን ውስጥ ሳርጆንትና ባልደረቦቹ የአሜባዎችን ኢንዛይም በኤሌክትሪክ መስክ እያስኬዱ ሲያወዳድሩ፣ ከታመሙ ሰዎች የመጡት አንድ ዓይነት፣ ካልታመሙት የመጡት ሌላ ዓይነት ሆነው አገኟቸው። ዓይን ያልለየውን ኢንዛይሙ ለየው።

በ1984 በእስራኤል ብራቻና ሚሬልማን ሌላ አሳሳቢ ነገር አሳዩ። ለዓመታት በጠርሙስ ብቻዋን ኖራ ኃይሏ የደከመ ሂስቶሊቲካ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ስትበላ ሕዋስ የማጥፋት ኃይሏ ይመለሳል። ሁሉም ባክቴሪያ አይደለም፤ የተወሰኑት። ስለዚህ አጥር የምትጥሰዋ አሜባ እንኳ መጣሷና አለመጣሷ በዙሪያዋ ባለው ሣር ላይም የተንጠለጠለ ነው። በሽታ የአንዲት ተውሳክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የመንደሩ ሁሉ ጉዳይ ነው።

በ1985 በስዊድን ማሪያን ክላርሆልም የአሜባንና የባክቴሪያን ቁርኝት በአፈር ውስጥ ከሌላ ወገን አሳየች። አሜባና ዘመዶቿ ባክቴሪያን ሲበሉ በባክቴሪያው ገላ የታሰረውን ናይትሮጅን ይለቃሉ፤ ተክሉ ያንን ይወስዳል። የጉራጌ እናት በየጥዋቱ ከበረቱ ፍግ ዝቃ እንሰቷ ሥር ስትደፋ የምትመግበው እንሰቱን ብቻ አይደለም። ፍጉን ባክቴሪያ ይበላዋል፤ ባክቴሪያውን አሜባ ትበላዋለች፤ ከአሜባዋ የተረፈው ለእንሰቱ ይሆናል።

በ1986 ደግሞ ከዘቢዳር ተራራ ሥር ባለችው ቡታጅራ ታላቅ ሥራ ተጀመረ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና መምህራን ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራምን አቋቋሙ። በዴስታ ሻመቦ መሪነት ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመርጦ ቤት ለቤት ሰው ተቆጠረ፤ ከዚያ በኋላ የተወለደው፣ የሞተው፣ የመጣው፣ የሄደው ሁሉ ይመዘገብ ጀመር። አብዛኛው ሰው ያለ ሐኪምና ያለ መዝገብ በሚሞትበት አገር ሰው በምን እንደሚሞት ለማወቅ ሌላ መንገድ አልነበረም። መዝገቡ የተናገረው ልብ ይሰብራል፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ልጆች ከሚገድሉት ቀዳሚዎቹ የመተንፈሻ አካል ሕመምና ተቅማጥ ነበሩ። «ተቅማጥ» የሚለው ቃል በመዝገቡ ላይ አንድ ቃል ነው፤ ከጀርባው ግን ሺጌላም፣ ቫይረስም፣ አሜባም ሊኖር ይችላል።

በ1987 የታተመ ጥናት ደግሞ የቆጮን ጉድጓድ ከፈተ። እንሰቱ ተፍቆ በቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ሲገባ ባክቴሪያዎች በተራ ይረከቡታል። መጀመሪያ ሊዩኮኖስቶክና ዘመዶቹ ይነሣሉ፣ አሲድ ያመርታሉ፤ አሲዱ ራሳቸውን ሲያዳክማቸው አሲድ የሚችሉት ላክቶባሲለሶች ቦታውን ይይዛሉ። ቆጮን ቆጮ የሚያደርገው ያ ጎምዛዛ ጣዕም የዚህ ርክክብ ፍሬ ነው። እናቶቻችን የባክቴሪያን ስም ሳይሰሙ የባክቴሪያን እርሻ ያውቁ ነበር። ባክቴሪያ ሁሉ ጠላት አይደለም፤ በጉድጓዱም በአንጀቱም ጉዳዩ ማን ከማን ጋር፣ በምን ሁኔታ ይኖራል ነው።

ብሩምፕት ተሰማ፣ ኢትዮጵያም መለሰች

በ1993 ዳይመንድና ክላርክ የኢንዛይሙን፣ የፕሮቲኑንና የዲኤንኤውን ማስረጃ ሁሉ አሰባስበው ፈረዱ። ኤንታሚባ ሂስቶሊቲካና ኤንታሚባ ዲስፓር ሁለት ዝርያ ናቸው፤ ብሩምፕት ትክክል ነበር። በ1997 የዓለም ጤና ድርጅት በሜክሲኮ ሲቲ የጠራው የባለሙያዎች ጉባኤ ተግባራዊ ምክር ሰጠ። በማይክሮስኮፕ የታየ ሲስት «ሂስቶሊቲካ ወይም ዲስፓር» ተብሎ ይመዝገብ፤ ምልክት የሌለው ሰው ሂስቶሊቲካ መሆኑ ሳይረጋገጥ መድኃኒት አይሰጠው። በዚያው ወቅት ሂስቶሊቲካ በዓለም በዓመት እስከ 100,000 ሰው እንደምትገድል ይገመት ነበር።

ከዚያ ጥያቄው ወደ እኛ መጣ። በየጤና ጣቢያው «አሜባ» የተባልነው ሁሉ ያለብን የትኛዋ ናት? ለመመለስ የተነሡት የኋላው የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ኃላፊ አምሃ ከበደ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስና የኔዘርላንድ ባልደረቦቻቸው ነበሩ። በወንጂና በአቃቂ በተቅማጥ ታመው የመጡ ሰዎችን ሰገራ በማይክሮስኮፕ ብቻ ሳይሆን ዲኤንኤውን በሚለይ ምርመራ ፈተሹት። በ2003 የታተመው ውጤት በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነገር ነው፤ ማይክሮስኮፑ አሜባ አለባቸው ባላቸው ሰዎች ላይ ሂስቶሊቲካ አልተገኘችም። በቀጣዩ ዓመት የእስረኞችንና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሰገራ በዚሁ መንገድ ሲያዩ ያገኟት በእጅጉ ዲስፓር ነበረች፤ ጀፎረው ላይ የምትግጠው።

ይህ ውጤት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ጥቂት ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ሰዎቹ ታመዋል፤ ተቅማጡ እውነት ነው። ግን ያሳመማቸው ሌላ ነው፤ ሺጌላ ሊሆን ይችላል፣ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። አሜባዋ በዚያ ሰዓት በአጋጣሚ የተገኘች መንገደኛ ናት። ጥፋቱ እሷ ላይ ሲለጠፍ እውነተኛው ጥፋተኛ ያመልጣል፤ ሕፃኑ ሜትሮኒዳዞል ይውጣል፣ ሺጌላው ግን ይቀጥላል። ቡታጅራ ላይ ለዓመታት የተመዘገበው «ተቅማጥ» የሚለው ቃል ሲነበብ ይህ ልብን ይከብዳል።

ከዚህ ወዲህ የመጡት ግኝቶች ትረካውን ያሰፉታል። በ2005 የሂስቶሊቲካ ጂኖም ሲነበብ ተመራማሪዎቹ 96 ያህል ጂኖቿ በትውልድ ሳይሆን በቀጥታ ከባክቴሪያ የተወሰዱ እንደሚመስሉ ጻፉ። ስትበላቸው የኖረችው ባክቴሪያዎች ርስታቸውን አውርሰዋታል ማለት ነው፤ ኦክስጅን በሌለበት አንጀት ለመኖር የሚረዷትም ከነዚሁ መካከል አሉ። በ2014 ደግሞ ሂስቶሊቲካ የሰውን ሕዋስ መጀመሪያ ገድላ ሳይሆን በሕይወት ሳለ ቁራሽ በቁራሽ እየነከሰች እንደምትገድለው ታወቀ።

ቡታጅራም ሥራዋን አላቋረጠችም። ከ2005 እስከ 2006 ድረስ 1,065 ነፍሰ ጡር እናቶች ተመዝግበው ልጆቻቸውን ከሆድ ጀምሮ የሚከታተል ጥናት ተጀመረ። ልጆቹ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው የአንጀት ትላቸውና የአንጀት ባክቴሪያቸው ታየ፤ ጥያቄውም እነዚህ የሆድ ነዋሪዎች ከአስምና ከአለርጂ ጋር ምን ያገናኛቸዋል የሚል ነበር። ከሮዘንሆፍ የውሃ ጠብታ የተነሣው ነገር ቡታጅራ ላይ እስከ ልጆች ሆድ ደርሷል። ዛሬ ሳይንስ የሚጠይቀው «ምን ተውሳክ አለብህ?» ብቻ ሳይሆን «ሆድህ ውስጥ ማን ከማን ጋር ይኖራል?» ጭምር ነው።

ዛሬ

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው አሜባ ተረት ናት ብሎ እንዳይሄድ እለምናለሁ። ሂስቶሊቲካ አለች። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ከባድ ቁርጠት፣ ወይም ከቀኝ ጎን ሕመም ጋር ትኩሳት ያለበት ሰው ቤት መቀመጥ የለበትም፤ አንጀት ጥሳ ጉበት የደረሰች አሜባ ትገድላለች፤ ሜትሮኒዳዞልም ያኔ ሕይወት የሚያድን መድኃኒት ነው። ሲስቷን ጨርሶ ለማጥፋትም ሌላ መድኃኒት ይታከልበታል። የምለው ሌላ ነው። ወረቀቱ ላይ «አሜባ» ተጽፎ ባየን ቁጥር፣ ሐኪማችንን በአክብሮት «የታየው ሲስት ነው ወይስ ደም የዋጠች ናት? ነጭ ሕዋስስ በዝቶ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። ሰገራችንን ትኩሱን እናድርስ፤ የባለሙያዋ ዓይን እንዲፈርድ ዕድል እንስጣት። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛውን ክኒን እንተው። ክሎሪን በተለመደው መጠን ሲስትን አይገድልም፤ የፈላ ውሃ ግን ይገድላል። ሽንት ቤትና በሳሙና የታጠበ እጅ ሂስቶሊቲካንም ሺጌላንም ባንድ ላይ ይዘጋሉ፤ ማን መሆኗን ማወቅ እንኳ ሳያስፈልግ።

የመስቀል ሰሞን የአዲስ አበባው ልጅ ወደ ወልቂጤ፣ ወደ ቡታጅራ ሲመለስ ክትፎውና ቆጮው ቀርቦ ቤቱ ይሞላል፤ ከበዓሉ በኋላም ሆዱን ያመመው አይጠፋም። ያን ጊዜ አንዱ «አሜባ ነው» ሲል ይሰማል። ጀፎረው ላይ ቆሞ ከብቶቹን ያየ ሽማግሌ ግን ከብት ባየ ቁጥር ዱላ አያነሣም። መጀመሪያ አጥሩን ይመለከታል። ተጥሶ እንደሆን፣ በማን እንደተጣሰ፣ ያን አይቶ ይነሣል። ከብሩምፕት እስከ ወንጂና አቃቂ ላቦራቶሪ ድረስ ሳይንስ የደከመበት ያንኑ የሽማግሌ ጥንቃቄ ለማግኘት ነው።